ማማ የተኛችበት ሌሊት

ወላሂ እውነት ነው። እናቴ "ዝም በይ" ብላኛለች... እኔ ግን አልቻልኩም። በችኮላ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብስት እለፉኝ እሺ።

ትናንት ማታ፣ አራት ሰዓት ገደማ። እዚሁ ጅዳ፣ ጃሚዓ ሰፈር... ከኛ ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሮ።

የደረሰባት አክስቴ ዘይቱና ናት። ዛሬ ጠዋት በቮይስ እያንሾካሾከች ነገረችኝ።

ዘይቱና የማዳሟን፣ የአሠሪዋን እናት ነው የምትጠብቀው። ማማ ነው የምትላት። ሰማንያ አልፏታል። ቀን ቀን ትተኛለች፣ ሌሊቱን ግን አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ቁምሳጥኑን ስታይ ታድራለች።

ቁምሳጥኑን ብቻ...

ሐኪሙ "ቀን እንዳትተኛ፣ ጠዋት ፀሐይ ትሙቅ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ሻይ ኸላስ፣ በቃ" አለ።

ማዳም ደግሞ "አንድ ሌሊት አስተኚልኝ፣ በነጋታው ፓስፖርትሽን ይዘሽ አገርሽ ትገቢያለሽ" አለቻት።

ዘይቱና ልጇን ካየች አራት ዓመት ሆኗታል። አስቡት በቃ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ማማን ስትጎተጉት ዋለች።

"ማማ፣ ያላ ተነሺ።"

"ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ተይኝ ልተኛ።"

"ማታ ትተኛለሽ።"

"ማታ እኔ ከተኛሁ... እሷን ማን ይጠብቃታል?" አለች፣ ዓይኗ ቁምሳጥኑ ላይ።

ዘይቱና ሳቀች። እርጅና ነው ብላ።

ማዳም ለዑምራ መካ ሄደች። ስትሄድ እንደ ሁልጊዜው ማማ እንዳትወጣ ብላ ክፍሉን ሁለቱም ውስጥ እያሉ ከውጭ ቆለፈችው። መስኮቱም ብረት ነው።

አራት ሰዓት ላይ ማማ ተኛች። አንኮራፋች ራሱ። ዘይቱና በደስታ ልታብድ... ቪዲዮ ቀርጻ ለማዳም ላከች።

ከዛ የልብስ ማንጠልጠያ ሲጋጭ ሰማች። ቀጭ... ቀጭ...

የኤሲው ንፋስ ነው አለች።

ኤሲው ጠፍቷል።

ማዳም ደወለች።

"ቁምሳጥኑን ለምን ከፈትሽው?"

"አልከፈትኩትም፣ ማዳም።"

"ቪዲዮው ላይ ክፍት ነው... ማማን ቀስቅሻት። አሁን።"

ስልኩ ተዘጋ። ዘይቱና ዞረች።

የቁምሳጥኑ በር ወለል ብሏል። ውስጡ ልብስ ብቻ።

"ማማ... ማማ ተነሺ..."

ነቀነቀቻት። ውኃ ረጨችባት። ማማ እንቅልፏ ውስጥ ፈገግ አለች... ሃያ ዓመት ሳይተኛ እንደከረመ ሰው።

ዘይቱና የክፍሉን በር ደበደበች። ቤቱ ባዶ ነው፣ ማን ይሰማታል?

መሬት ላይ ያለው ፍራሿ ላይ ተጠቅልላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ከእግሯ በኩል ፍራሹ ቀስ ብሎ ረገብ አለ... ሰው ሲቀመጥበት እንደሚሆነው።

እስከ ፈጅር አዛን አልዞረችም።

ጠዋት የበሩ ቁልፍ ሲዞር ተሰማ። ዘይቱና ዘላ ተነሳች። ማማ አሁንም ተኝታለች። ማዳም በሩን ትንሽ ከፈት አደረገችው፣ ፓስፖርቱን ይዛለች።

ግን አልገባችም። ጣቷን አነሳች።

"አንድ።" ወደ ማማ።

"ሁለት።" ወደ ዘይቱና።

ጣቷ ዘይቱናን አልፎ... ከትከሻዋ በላይ ሄደ።

"ሶስት።"

በሩን መለሰችው። ቁልፉ ሁለቴ ዞረ።