የሁለት ዓመት ቲኬት

«ለዚህ ድረ ገጽ ስንት አወጣሽ?» አለቻት የግብር ቢሮዋ ሠራተኛ።

በቅጽል ስሟ ፌንጣ የምትባለው ልጅ አክስቷን አየቻት። አክስቷም መልሳ እሷን አየቻት። ጥያቄው ለሁለቱም አልገባቸውም።

«ኧረ እህቴ፣ ድረ ገጽ እኮ ጨርቅ አይደለም» አለች ልብስ ሰፊዋ አክስቷ። «ሜትሩ ስንት ነው ይባላል? አየር ላይ ያለ ነገር ነው የሸጥነው። የአየርም ግብር አለ እንዴ?»

ሠራተኛዋ ሳቋ መጣ። ድረ ገጹ የትኛው አውቶቡስ በስንት ሰዓት የትኛው ፌርማታ እንደሚደርስ የሚናገር ነበር፤ ባለፈው ወር አንድ የትራንስፖርት ድርጅት ከነስሙ ገዛው። ፌንጣ ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ስለሆነ ውሉን የፈረመችው አክስቷ ናት። በገንዘቡ ኮምፒውተር ሊገዛላት ነው።

«የተሸጠበት ዋጋ በሙሉ ትርፍ አይደለም» አለች ሠራተኛዋ ረጋ ብላ። «ያወጣችሁት ወጪ ይቀነስና ግብሩ በቀረው ላይ ይሰላል። ግን ማስረጃ እፈልጋለሁ። የአውቶቡሶቹን ሰዓት እንዴት ሰበሰብሽው?»

«እየተሳፈርን።»

«ከማን ጋር?»

ከዶክተሯ ጋር ነዋ፣ አለች ፌንጣ በልቧ። ዶክተሯ የክፍሏ ልጅ ናት፤ ቅጽል ስሙ የወጣላት ጽሑፏን ከፌንጣ በቀር ማንም ማንበብ ስለማይችል ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣ አብረው ሲሳፈሩ ዶክተሯ ሰዓቱን ደብተር ላይ ትሞነጫጭራለች፣ ፌንጣ በኋላ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ታሰፍራለች። ገዢዎቹ ሲመጡ ግን ፌንጣ «ብቻዬን ነው የሠራሁት» አለች። ለዶክተሯ ምንም አልነገረቻትም። መጀመሪያ ምናልባት ካልተሳካ ብላ፣ በኋላ ደግሞ ስለተሳካ።

«ከጓደኛዬ ጋር» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ቲኬቶቹ እሷ ጋ አሉ። ምንም ነገር አትጥልም።»

«ጥሩ። ባለቤቶቹ ሁለት ከሆናችሁ ሁለታችሁም እዚህ ትጻፋላችሁ፤ ሁሉም በየድርሻው ነው የሚጠየቀው። አርብ አምጡት» ብላ ሠራተኛዋ ቅጹን ሰጠቻት።

ደረጃውን ሲወርዱ ፌንጣ ታሰላ ጀመር። ሰዓቱን የጻፈችው ዶክተሯ፣ ድረ ገጹን የሠራችው እሷ። ታዲያ የማን ነበር? ግማሽ በግማሽ ከሆነ ኮምፒውተሩስ? ግብሩም ይካፈላል? ያልነገሯትን ሽያጭ ግብር ክፈዪ ማለትስ ምን የሚሉት ነገር ነው?

«ነገር አታካብጂ» አለች አክስቷ። «ቲኬቶቹን ለትምህርት ቤት ነው ብለሽ ተቀበያትና በቃ።»

ዶክተሯ የቤታቸውን በር ስትከፍትላት ፌንጣ የተለማመደችውን ተናገረች። «ቲኬቶቹን ፈልጌያቸው ነበር። ለትምህርት ቤት።»

ዶክተሯ ለምን ብላ እንኳ አልጠየቀችም። ገብታ አንድ የጫማ ካርቶን ይዛ ወጣች። ቲኬቶቹ ሁለት ሁለት ሆነው በስቴፕለር ተያይዘዋል፣ የእሷና የፌንጣ፣ ቅዳሜ በቅዳሜ።

«ይኸውልሽ። ደግሞ ድረ ገጻችን ሰሞኑን አልከፈት ብሎኛል፤ ስትጠግኚው ይሄንንም አስገቢ» አለችና የታጠፈ ወረቀት ጨመረችላት። «አዲስ መስመር ተጀምሯል። ስትጠፊብኝ ብቻዬን ሄጄ መዘገብኩት።»

ፌንጣ ወረቀቱን ዘረጋችው። ሌላ ሰው ቢያየው ዶሮ የጫረችው ነው የሚለው። እሷ ግን እያንዳንዱን ሰዓት አነበበችው። አፈረች። የዚህኛው ቲኬት ብቻውን ነበር፣ ከወረቀቱ ጥግ ጋር የተያያዘ።

ካርቶኑን መሬት አስቀምጣ ከቦርሳዋ ቅጹን አወጣች።

«ምንድነው እሱ?» አለች ዶክተሯ።

«መጀመሪያ ቁጭ በይ፣ የምነግርሽ ነገር አለ» አለች ፌንጣ። «ከዚያ ካልተጣላሽኝ እዚህ ጋ ስምሽን ትጽፊያለሽ። በሚነበብ ጽሑፍ።»