በኮቱ ኪስ የተገኘው ሽምብራ

«መድኃኒቱን የጨመርከው አንተ፣ የቆለፍከው አንተ። ባሌን ሌላ ማን ይገድለዋል?» ጥሩብርሃን የፉፋን አንገትጌ ይዛ ስትንጠው ሦስተኛ ጊዜዋ ነበር።

የቀበሌው መጋዘን ዘበኛ ፉፋ አንገትጌውን ለማስለቀቅ ታገለ። ከሦስት ቀን በፊት በሽምብራው ጆንያዎች መካከል ሰው የሚገድል ጋዝ የሚተፋ የነቀዝ ክኒን አስቀምጦ በሩን የቆለፈው እሱ ነው። ዛሬ ሲከፍተው የመጋዘኑ ኃላፊ አባይነህ ከበሩ ደፍ ሥር ተኮራምቶ ሞቷል። ሟቹ የራሱ የመጋዘን ቁልፍ ነበረው፤ አሁን ግን ከላዩ የለም።

የፖሊሱ መቶ አለቃ ገመዳ የሟቹን ኪስ ገልብጠው አንድ እፍኝ ሽምብራ አወጡ።

«እህል ባየበት ሁሉ ዘግኖ ኪሱ ይከታል» አለች ጥሩብርሃን። «ትናንት ያለበስኩት ግን የታጠበ ኮት ነው፤ ኪሱ ባዶ ነበር።»

መቶ አለቃው ፍሬውን አገላብጠው አዩ። ቀዳዳ የለውም። በጠርሙስ ከተው አፉን በጨርቅ አሰሩት፤ ከመጋዘኑም ዘግነው ሁለተኛ ጠርሙስ ሞሉ። ከዚያ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ወጥተው ሽምብራ ነጋዴዋን ብዙነሽን ጠየቁ። አባይነህ ከወር ወዲህ ደጇን አልረገጠም አለች።

ፉፋ በቀበሌው እስር ቤት ሰነበተ። ሁለቱ ጠርሙሶች በቀበሌው ሊቀመንበር መስኮት ላይ ተቀምጠው ይታዩታል። ሊረሽኑት ነው ይባላል፤ መቶ አለቃው ግን እየመጡ ጠርሙስ አይተው ይሄዳሉ።

በሠላሳኛው ቀን ሁሉንም ሰበሰቡ።

«የመጋዘኑ ሽምብራ ይኸው። ክኒኑ የውስጡን ነቀዝ ፈጅቶታል፤ ወር ሙሉ አንድም አልወጣም። የኪሱን ተመልከቱ፤ መጋዘን ያደረው አንድ ሌሊት ብቻ ነው፣ ያ ደግሞ ፍሬ ውስጥ ያለን ትል ለመጨረስ አይበቃም።» በጠርሙሱ ውስጥ ቡናማ ጥንዚዛዎች ይርመሰመሳሉ፤ ፍሬው በክብ ቀዳዳ ተበሳስቷል። «እናቲቱ እንቁላሏን ፍሬው ላይ ትለጥፋለች። ትሉ ሰርስሮ ይገባና ውስጥ ውስጡን እየበላ ያድጋል። በስቶ እስኪወጣ ላየው ሰው ደህና እህል ነው። አባይነህ ይህን የዘገነው ክኒን ካልገባበት ቤት ነው፤ ያውም የሞተ ዕለት። በዚህ ሰፈር ከመጋዘኑ ሌላ ሽምብራ የሚከማችበት ቤት አንድ ነው። ወይዘሮ ብዙነሽ፣ አልመጣም ያሉኝ ለምንድን ነው?»

ብዙነሽ ነጠላዋን አስተካከለች።

«መጥቶ ነበር። አረቄ አጠጣሁት። መጋዘኑ ክኒን እንደገባበት ራሱ ነው የነገረኝ። ፉፋ እራቱን ሊበላ ሲሄድ ደግፌ ወሰድኩት፣ በራሱ ቁልፍ ከፍቼ አስገባሁትና ቆለፍኩበት። ዝም እስኪል ቆሜ ሰማሁት። ቁልፉን ቀበና ወንዝ ጣልኩት።»

«ምን አድርጎዎት?»

«በስልሳ ዘጠኝ፣ በቀይ ሽብሩ፣ ልጄን ከአልጋ ሥር ጎትቶ ያወጣው እሱ ነው። 'እናትህን ጥራ' እያለ እስኪሞት መታው፤ እኔ እዚያው ቆሜ። ሰባት ዓመት ሽምብራ መረጥኩለት፣ ጋሼ አልኩት፣ ሳቅሁለት። አላወቀኝም እኮ። የስንቱን ቤት ያስታውስ?»

ጥሩብርሃን ውሸት ነው ብላ ተነሳችባት። ሊቀመንበሩ ወረቀት አምጡ ይላል፤ ወር ሙሉ ፉፋን ነፍሰ ገዳይ ሲሉ የሰነበቱት ሁሉ አሁን ብዙነሽን ከበዋል። ፉፋ ቆቡን ከወለሉ አነሳ፣ ዱላውን ከበሩ ኋላ ወሰደና የእንጦጦን አቀበት ተያያዘው።