ሦስት ሴንቲ ሜትር

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። መቀስ ካልያዝኩ ቀኑ አይመሽልኝም። የካውያ እንፋሎት የቀኝ እጄን ጀርባ ልጦት፣ ቁስሉ ሲደርቅ ጠባሳው ጣቶቼን አላሳጥፍ ብሎ ገትሮ ሲያስቀራቸው፣ ያለቀስኩት ለመልኬ አልነበረም።

ቀዶ ሐኪሙ እቅጩን ነገረኝ።

«በስምንት ሳምንት ውስጥ ጡጫሽ ካልተጨበጠ ጠባሳውን አንስተን ከጭንሽ ቆዳ እንተክላለን። ከዚያ በኋላ መቀስ ትይዣለሽ ብዬ ግን ቃል አልገባልሽም።»

እስከዚያው ጠባሳው እንዲታሽ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላከኝ። እሱን ያገኘሁት እዚያ ነው። ረዥም፣ ዝምተኛ፣ ፀጉሩን ማበጠር የረሳ ወጣት ባለሙያ ነበር፤ የነጭ ጋውኑ ሁለተኛ ቁልፍም የለም። ጣቱን ቅባት ውስጥ ነክሮ ጠባሳዬን በአውራ ጣቱ ጫን ሲያደርገው ከወንበሬ ተስፈንጥሬ ተነሳሁ።

«ሰውዬ! ቆዳ ነው እኮ፣ ሊጥ መሰለህ?»

«ቆዳ ሰነፍ ነው» አለ ቀና ሳይል። «ካልጫኑትና ካልሳቡት እንደተኮማተረ መቅረት ይወዳል። ሲስቡት ግን ከሥር ያለው ሕዋስ ይነቃና በሥርዓት መሥራት ይጀምራል።»

«ልክ እንደ ወንድሜ! እሱም ካልጎተቱት ከአልጋ አይነሳም።»

ሳቀ። እኔም እንባዬ ሳይደርቅ ሳቅኩ።

«እጄ ሲድን የመጀመሪያ ሥራዬ ይህች የጎደለች ቁልፍህ ናት» አልኩት።

ሁልጊዜ እሽቱ ሲያልቅ ጣቶቼን ወደ መዳፌ አጥፋለሁ፤ እሱ የቀረውን ክፍተት በማስመሪያ ይለካል። መጀመሪያ ቀን ሰባት ሴንቲ ሜትር ነበር። በሳምንቱ አምስት ሆነ፤ በሁለተኛው ሳምንት ሦስት።

ከዚያ ሦስት ላይ ቆመ።

በዚያ ሰሞን ወሬያችን አያልቅም ነበር። እኔ ስለ ደንበኞቼ ዐመል፣ እሱ ስለ ታካሚዎቹ ሰበብ። አንዳንዴ ዓይኑ ከእጄ ተነስቶ ፊቴ ላይ ይደርስና ደንግጦ ይመለሳል።

«አመመሽ?» ይለኛል።

«ኧረ ምንም አላመመኝም! እንዲያውም ደስ ይላል።»

እውነቴን ነበር። በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም ሳምንት ማስመሪያው ያው ሦስት አለ።

አንድ ሰኞ ስገባ በእሱ ቦታ የክፍሉ ኃላፊ ተቀምጠዋል። ታካሚው ሁሉ በጭካኔያቸው «ካውያ» የሚላቸው ትልቅ ሴት ናቸው።

«እሱስ?» አልኳቸው።

«ለኔ አስተላልፎሻል። እጅሽን አምጪ።»

«ለምን?»

«እሱን ጠይቂው። እጅሽን አምጪ አልኩሽ!»

ስወጣ ኮሪደሩ ላይ አገኘሁት። «ደህና ነሽ?» አለኝና አቀርቅሮ አለፈ። ቤት ገብቼ ለእናቴ «ሰለቸሁት» አልኳት።

«ተይው የኔ ልጅ፤ አንቺ እጅሽን አድኚ» አለችኝ።

ንዴት ረዳኝ። ካውያ አውራ ጣታቸውን ሲተክሉብኝ፣ ጠባሳውን በሚነዝር መሣሪያ ሲያንቀጠቅጡት፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ሲስቡ ጥርሴን ነክሼ ቻልኩ። ክፍተቱ ሁለት ሆነ፣ ከዚያ አንድ።

ስምንተኛው ሳምንት ሲሞላ ቀዶ ሐኪሙ መጣ። ጡጫዬን ጨበጥኩ። ማስመሪያው መግቢያ አጣ።

«ቀዶ ሕክምና ምን ሊሠራልሽ!» አለ።

ከቦርሳዬ መቀሴን አወጣሁና አየር ላይ ቀጭ፣ ቀጭ አደረግኩት። ጮኼ ሳቅኩ። ካውያ ዞር ብለው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ ወደ በሩ ጮኹ።

«ግባ እንጂ! በየቀኑ ‹ስንት ደረሰ?› እያልክ ጆሮዬን ከምታደነቁረው ራስህ እይ!»

ያ ዝምተኛ ባለሙያዬ ገባ። እሳቸው ሐኪሙን እየገፉ ይዘውት ወጡ።

«ለምን ጣልከኝ?» አልኩት።

«ሦስት ላይ የቆመው ቆዳሽ አይደለም፤ የኔ እጅ ነው» አለ። «እንዳያምሽ እያልኩ ሳሳሁልሽ። መጫን አቃተኝ። መቀስሽን ከምታጪ እኔን ብትጠዪኝ ይሻላል አልኩ።»

«ታዲያ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ብነግርሽ ወደ እሳቸው ትሄጂ ነበር?»

አሰብኩት። «አልሄድም ነበር።»

«አየሽ!»

እወደዋለሁ፤ ነገርኩትም። ከዚያ ያን ሁሉ ሳምንት ተቀይሜውም ቢሆን በቦርሳዬ ይዤው የዞርኩትን ነጭ ቁልፍ አወጣሁ። እሱ ቆሞ፣ እኔ ደረቱ ሥር ሆኜ፣ በዳነው እጄ ሰፋሁለት። ክሩን በመቀሴ ቆረጥኩት።

እጄን በሁለት እጁ ያዘ። በልማድ አውራ ጣቱ ጠባሳዬን ፈልጎ ጫን አደረገው።

«ተው እንጂ፣ ድኗል እኮ» አልኩት። «ከእንግዲህ ብትሳሳልኝም አልቀየምህም።»