የውሰት ጥርስ

እናንዬ ጠዋት ጠዋት ከሁሉ በፊት የምታደርገው የመኝታ ቤቱን መስኮት የእንጨት መዝጊያ ገርበብ አድርጋ የኪሪያ ስታማቲያን ጥርስ ማጠብ ነበር። ኪሪያ በግሪክ አገር እመቤት እንደማለት ነው፤ አሮጊቷ ግን እመቤትነቷ ከስሟ ላይ ብቻ ቀርቶ፣ ስትሮክ መትቷት አንደበቷ ከተዘጋ ወዲህ ዓይኗን ከማንከራተት በቀር ምንም አትችልም። እናንዬ ከብርጭቆው ውሃ ውስጥ የላይኛውን ሰው ሠራሽ ጥርስ አውጥታ በለስላሳ ብሩሽ ትፈትገዋለች፣ ባዶውን ድድ በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጋለች፣ ከዚያ ጥርሱን ታስገባላትና ገንፎ የመሰለውን ቁርሷን በማንኪያ ታጎርሳታለች። ቤቱ የአሮጌ ምንጣፍና የመድኃኒት ሽታ አለው፤ ከታች የአቴንስ ሞተር ብስክሌቶች ሲንጫጩ ይውላሉ፣ ከላይ ግን ከግድግዳው ሰዓት በቀር የሚናገር የለም።

እናንዬ የመካነ ሰላም ልጅ ናት። በልጅነቷ ድዷን ተነቅሳ፣ ጥርሷ ከጥቁሩ ድድ ላይ ወተት መስሎ የሚታይ፣ ሳቋ የሰፈር ወሬ የነበረ ሴት። እዚህ ከመጣች በኋላ ነው ጥርስ ያማት የጀመረው። የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው ሐኪም ቤት ደጅ አይቆምም፤ የአሮጊቷ ልጅ ዲሚትራ ደግሞ «ጨው አድርጊበት» ከማለት በቀር መላ አልነበራትም። በመጨረሻ ፊቷ አብጦ ዓይኗ ሊጠፋ ሲል፣ ሥራ እንዳይበደል ተብሎ ከአንድ ጓሮ ክፍል ውስጥ ወደሚሠራ ጥርስ ነቃይ ተወሰደች። ሰውየውም ተመላልሳ እንዳታስቸግረው የላዩን ባንድ ቀን ለቅሞ ጨረሰው። ያኔ ኪሪያ ስታማቲያ አንደበት ነበራት። እናንዬ ደም የነከረ ፎጣ አፏ ላይ ይዛ ስትገባ አይታት፣ የራሷን ጥርስ አውልቃ እያወዛወዘች ከት ብላ ሳቀች። «አሁን እህትማማች ሆንን» አለቻት።

ከዚያ ወዲህ እናንዬ አፏን በእጇ ሳትሸፍን አትስቅም ነበር፤ ቆይታም መሳቁን ተወችው። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የሚያገኟት ያገሯ ልጆች «ኮራች» አሏት። ምን ኩራት አለ! መስታወት ውስጥ የምታገኛት አፏ የተሰበሰበ አሮጊት አሳፍራት እንጂ። ቀስ በቀስ እሁዱም ቀረ። ልጇ ማስተዋል ስትደውል «ካሜራው ተበላሽቷል» ትላለች፣ ስልኩ ሲዘጋ ታለቅሳለች፤ ለቅሶዋንም ከዚያች አልጋ ላይ ካለችው በቀር የሚሰማ አልነበረም።

ማስተዋል ልታገባ ደረሰች።

«እማ፣ ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?» አለቻት አንድ ከሰዓት። «እናቷ ሞታለች፣ ለቅሶው ተደብቆባት ነው፣ በስልክ የሚያናግሯት ሌላ ሴት ናት ይላሉ። እኔም እንጃ። በሠርጌ ዕለት ፊትሽን አሳይተሽ፣ ስቀሽ ካልመረቅሽኝ ከቤት አልወጣም። ሙሽራው ይመለሳል እንጂ አልወጣም!»

«ልጄ፣ እኔ እኮ ነኝ።»

«እሱንማ ሌላዋም ትለዋለች።»

እናንዬ ጥርስ እንድታሠራላት ዲሚትራን ለመነች። ዲሚትራ ጥፍሯን እየቀባች «ክረምቱ ይለፍና እናያለን» አለቻት። ይህች «እናያለን» የምትባል ነገር በዚያ ቤት ምን ማለት እንደሆነች እናንዬ በደንብ ታውቃለች። በማግስቱ ጠዋት ብርጭቆውን አንስታ መታጠቢያ ቤት ገባች፣ ጥርሱን በጨውና በሎሚ ደጋግማ አጠበችው፣ ዓይኗን ጨፍና አፏ ውስጥ ከተተችው። ለሷ ተለክቶ የተሠራ ይመስል ግጥም አለ። ዓይኗን ስትገልጥ መስታወቱ ውስጥ የዱሮዋ እናንዬ ቆማ ስትስቅ አየች፣ ገንዳው ጠርዝ ላይም ቁጭ ብላ አነባች።

ለልምምድ እያለች በየቀኑ ታደርገው ጀመር። መጀመሪያ የታወቃት ጣዕሙ ነው፤ ቀምሳው የማታውቀው አረቄና ሲጋራ ከምላሷ ሥር እየመነጨ፣ በሳሙና ብትጉመጠመጥም የማይለቅ፣ ጉሮሮዋ ድረስ የሚወርድ። ቀጥሎ ውሃው። ለብርጭቆው የምትቀዳው ከቧንቧ ቀዝቃዛ ነው፣ ጠዋት ስትነካው ግን ሰው ጎርሶ የተፋው ያህል ለብ ብሎ ይጠብቃታል። አንድ ቀን ወጥ ቤት ሆና ስትከትፍ ዲሚትራ ከሳሎን ስለ ሸሚዝ ነገር ጠየቀቻት፣ እናንዬም ቀና ሳትል መለሰችላት። ምን እንዳለች ለራሷም አልታወቃትም፤ ፈጣን፣ የጎረነነ፣ ስድብ ያለበት ግሪክኛ ነበር። ሳሎን ውስጥ ሰሃን ወድቆ ተሰበረ።

«ማማ?» አለች ዲሚትራ፣ ድምጿ እንደ ሕፃን ቀጥኖ።

ከዚያ ቀን በኋላ ዲሚትራ ክፍሏን ከውስጥ ትቆልፍ ጀመር። እናንዬም ሳይገባት አልቀረም፤ ግን ሠርጉ ቀርቧል፣ ልጇ ናት፣ ምን ታድርግ? ምርቃቱ እስኪያልፍ ብቻ አለች።

ኪሪያ ስታማቲያ ጥርሷ ከተወሰደባት ወዲህ ጠዋት ጠዋት አፏን ከፍታ መጠበቅ አመጣች። እናንዬ ያለ ጥርሱ ማንኪያውን ብቻ ስታሳያት ትቃትታለች፤ ደረቷ ውስጥ የታፈነ ሰው የሚያቃስት ይመስል ከጥልቅ የሚመጣ፣ እየቆየ ቃል ቃል የሚል ማቃሰት። አንድ ጠዋት ጨርቁን ጠቅልላ ድዷን ስትጠርግ የማይለቅ እድፍ አገኘች። አጥብቃ ፈተገችው፤ አሮጊቷ ተንሰፈሰፈች፣ እድፉ ግን ፈቅ አላለም። ወደ ብርሃኑ አዙራ ብታየው ድዱ ላይ ሰማያዊ ጥቁር ነጠብጣብ ነው፣ በመርፌ ተወግቶ የገባ፣ እጇ የተካነ ሴት የሠራችው። እናንዬ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጣ የታችኛውን ከንፈሯን ገለበጠች። ንቅሳቱ ጠፍቶ ድዷ እንደ አራስ ልጅ ድድ ጽጌረዳ መስሏል።

ስትመለስ አሮጊቷ ታለቅስ ነበር። «አፍሽን ዝጊ» አለቻት እናንዬ በጠራ ግሪክኛ፤ ጉንጯንም በሁለት ጣቷ ይዛ እስኪቀላ ጨመቀችው። ደስ አላት። ያን ያህል ደስ ማለቱ አስደነገጣት፣ እጇን ግን ቶሎ አላነሳችም።

የሠርጉ ዕለት ዲሚትራ በጠዋት ወጣች። እናንዬ ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ብርሃን ወዳለበት ወደ አሮጊቷ ክፍል ስልኳን ይዛ ገባችና አልጋውን ከጀርባዋ አድርጋ ተቀመጠች። መስመሩ ሲከፈት ከበሮውና ጭብጨባው ክፍሉን ሞላው። ዳሱ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ተነባብሮ ወደ ስልኩ ያሰግጋል። ማስተዋል ቬሎዋን ሰብስባ መጣች።

«እማ! ሳቂልኝ!»

እናንዬ ሳቀች። ዳሱ በእልልታ ተናጋ፤ «ውሸታም ሁላ!» ያለች አንዲት ሴትም ተሰማች፣ ማስተዋል እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አጎቷ ስልኩን የእናት ጉልበት ያህል ከፍታ ባለው በርጩማ ላይ አቆመው፣ ልጅቷም ተንበርክካ የስልኩን ግርጌ ሳመች። «መርቂኝ» አለች። ሕዝቡ ጸጥ አለ፣ ወንዶቹ ቆባቸውን አወለቁ።

እናንዬ «ልጄ» ልትል አፏን ከፈተች፣ የወጣው ግን ግሪክኛ ነው። ተምራው የማታውቀው ቃል ሁሉ አንድ በአንድ ይገባታል። *ማህፀንሽ ይድረቅ* አለ አፏ፣ እየሳቀ።

«አሜን!» አለ ዳሱ። «ፈረንጅኛውን አቀላጠፈችው እኮ!» ብለው ተሳሳቁ።

*ያመንሽው ይካድሽ።*

«አሜን!»

*ስትጮኺ የሚደርስልሽ አይኑር።*

«አሜን! አሜን!»

አፏን ልትዘጋ ታገለች፤ መንጋጋዋ የሷ አልሆነም። ጥርሱን ነቅላ ልትጥል አውራ ጣቷን አስገባች፣ ጠርዙን ፈለገች፤ ጠርዝ አልነበረውም፣ ከሥጋዋ ጋር አንድ ሆኗል፣ ስትጎትተውም አጥንቷን አመማት። ያኔ ከጀርባዋ፣ ከአልጋው ላይ፣ ድምፅ ተሰማ። ጥርስ ከሌለው አፍ የሚወጣ የሚኮላተፍ ድምፅ ስለሆነ ለሌላ ሰው አይገባ ይሆናል፣ እናንዬ ግን የገዛ ድምጿን እንዴት አታውቀውም? *ውለጂ፣ ክበጂ፣ ልጄ። ከክፉ ይሰውርሽ። ያባትሽ አምላክ አይለይሽ።* እያለቀሰ፣ እየተጣደፈ፣ ልጇ እንድትሰማው እየጮኸ።

ማስተዋል ከስልኩ ባሻገር አሻግራ አየችና ፊቷ ተኮማተረ። «ውይ፣ ያቺ አሮጊት ታስፈራለች» አለች፤ ከዚያ እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ፣ በደስታ እየተፍለቀለቀች፣ «እማ፣ እባክሽ ዝም አሰኚያትና እንደገና መርቂኝ» አለቻት።