የረባሾች ዝርዝር

ዝናቡ የክፍሉን ቆርቆሮ ሲደበድበው ሩሐማ አጠገቧ የተቀመጠችውን ሐፍሳን እንኳ መስማት አቃታት። ከኋላ የቡድናቸው በረኛ ከድር ዴስኩን እንደ ከበሮ ይመታል። ቅዳሜ ሸዋ ቤንች ከተማ ሄደው የሚገጥሙትን ቡድን እያነሳ፣ እነሱ ቡና ይልቀሙ፣ ኳሱን ለእኛ ይተዉ እያለ ግጥም ያወርዳል፤ ሌላው ይቀበላል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ስምንተኛ ቢ በሙሉ ያጨበጭብ ጀመር።

ሩሐማ የክፍሉ አለቃ ናት። የእንግሊዝኛ መምህሯ ቲቸር አጸደ ቢሮ ተጠርተው ሲወጡ ወረቀት ሰጥተዋታል። የረባሾችን ስም ትጽፋለች፤ ከየስሙ አጠገብም ትናንት የተማሩትን የእንግሊዝኛ ቃል፣ «አንሩሊ» የሚለውን። ስሙ የተጻፈ ቅዳሜ ወደ ጨዋታው የሚወስዳቸው መኪና ላይ አይወጣም።

ዝናቡ ሲያባራ ወረቀቱ ባዶ ነበር።

ከድር መጥቶ ዴስኳን ተደገፈ። «እኔን ከጻፍሽ ጎሉን አንቺ ትጠብቂያለሽ» አላት።

«ካንተ አላንስም።»

«ሙድ አትያዢ። የምርሽን ልትጽፊኝ ነው?»

ሐፍሳ ባዶውን እንድትሰጥ መከረቻት፤ በዚያ ዝናብ ማን ሰማን አለች። ሩሐማ ግን ደብተሯን ገለጠች። ቲቸር የሰጧቸው ምሳሌዎች አሉ፦ ማበጠሪያ የማይገራው ፀጉር፣ ፖሊስ የማይመልሰው ሕዝብ። ቃሉ ለጮኸ ሁሉ አይሆንም፣ ተው ሲባል እምቢ ለሚል ነው ብለዋቸው ነበር። ከድርን ደግሞ ተው ያለው የለም። ማለት የነበረባት እሷ ነበረች፤ እሷ ግን ሲጨርስ እንዲደግመው በጣቷ ጠቅሳዋለች።

ትዝ ሲላት ሳቋ መጣ። እስክሪብቶዋን አንስታ መጻፍ ጀመረች። ከድር አንገቱን አስግጎ መስመር በመስመር አነበበ።

«ሁላችንም ጨፍረናል። የጀመረው ከድር ነው። ድገመው ያልኩት እኔ ነኝ። ተው ያለን ሰው አልነበረም።»

ለእንግሊዝኛው ቃል የተተወውን ቦታ ባዶ አለፈችው።

«አንቺም ቅዳሜ ልትቀሪ ነው እንዴ?» አለ ከድር፤ አሁን አይስቅም።

«እንጃ። ቲቸር ያንብቡትና ይፍረዱ።»

የቲቸር አጸደ ኮቴ ኮሪደሩ ላይ ተሰማ። ሩሐማ ወረቀቱን ሳታጥፍ ይዛ ወደ በሩ ሄደች።