ቀና ብሎ የጠየቀኝ ቀን

ጅሬኛን መጀመሪያ ያየሁት ሲዋሽ ነው።

መሪ በሚገኘው ኮንዶሚኒየማችን፣ እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ ፖከር እንጫወታለን። በገንዘብ አይደለም፣ በቆርኪ ነው። ወንድሜ ከበበ «እንጦጦ ችግኝ ጣቢያ አብረን ነው የምንሠራው» ብሎ አመጣው። ረጅም፣ ጥፍሩ ውስጥ አፈር የቀረ ሰው።

ካርታው ላይ ያን ያህል ጎበዝ አይደለሁም። ሰው ግን አነባለሁ። ጎረቤታችን ወርቅአየሁ ጥሩ ካርታ ሲደርሳት ጫማዋን ታወልቃለች። ከበበ ሲዋሽ ጉሮሮውን ያክከዋል። አዲሱን እንግዳም አንድ ሰዓት ሙሉ ሳጠናው ቆየሁ።

በመጨረሻ ቆርኪውን ሁሉ ወደ መሀል ገፋው።

«እሺ፣ ደፋር ማነው?» አለ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ እየሳቀ።

ከበበና ወርቅአየሁ ካርታቸውን ጣሉ።

«እኔ!» አልኩ።

ገለጠው። ምንም አልነበረውም።

«በምን አወቅሽ?»

«ጥሩ ስትይዝ ታቀረቅራለህ፣ ድምፅህ ይጠፋል። ስትዋሽ ነው ቀና ብለህ የምትስቀው።»

«ኧረ በስማም! ከበበ፣ እህት ነው ያለችህ ወይስ ጠንቋይ?»

«እኔ ከእሷ ጋር ሃያ ስምንት ዓመት እንዴት እንደኖርኩ አሁን ገባህ?» አለ ከበበ።

ከዚያ እሁድ በኋላ ጅሬኛ አልቀረም። ስምንት ወር። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሁለታችን እንጦጦ እንወጣ ነበር። እኔ አወራለሁ፣ እሱ ያቀረቅራል። ያን ማቀርቀሩን እወደው ነበር... ለእኔ እንደሆነ አውቃለኋ!

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከእንጦጦ ማርያም ስንወርድ፣ ዳገቱ ላይ ቆመ። ቀና አለ። ዓይኔን አየ። ሳቀ።

«ሶሬ... ላግባሽ?»

ፊቱን አነበብኩት። ቀና ብሏል፣ ይስቃል።

«ሂድ ወዲያ! እየዋሸህ ነው፣ አውቄሃለሁ!» አልኩና እኔም ሳቅኩ።

«እሺ» አለ። መሪ እስክንደርስ ስለ ዝናቡ አወራን።

በማግስቱ ለካርታው አልመጣም። በሚቀጥለውም። እኔም አልደወልኩም። «ያየሁትን አይቻለሁ፣ ቢወደኝ ይመጣ ነበር» እያልኩ ተቀመጥኩ። ይህን እያልኩ አንድ ዓመት አለፈ።

አንድ ቀን ከበበ ምሳውን እየበላ «ጅሬኛ ሻሸመኔ ሊዛወር ነው» አለኝ።

«ደግ አደረገ።»

ከበበ እጁን ከገበታው አነሳ።

«ስሚ ሶሬቲ። እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነው ዝም ያልኩት። ያን ጊዜ ሊጠይቅሽ አንድ ወር ነው የተለማመደው። እዚያ ችግኝ መሀል፣ እኔን እያቆመ! «እንዳላቀረቅር፣ ዓይኗን እያየሁ ልንገራት፣ ይህቺማ ይገባታል» እያለ። ሳቁ የፍርሃት ነበር፣ አንቺ ልጅ። የፍርሃት!»

ምሳዬን አልጨረስኩም። በታክሲ እንጦጦ ወጣሁ። ጅሬኛን ተንበርክኮ ጽድ ሲተክል አገኘሁት።

«ያን ቀን የጠየቅከኝን ድጋሚ ጠይቀኝ።»

«አልጠይቅም» አለ። «አንዴ ሞክሬው ነበር። አሁን ተራው ያንቺ ነው፣ አንቺ ጠይቂ።»

ከጎኑ ተንበረከክኩ።

«ታገባኛለህ?»

አቀረቀረ። ድምፁ ጠፋ። እኔ ግን ማንበብ አስጠልቶኝ ነበር።

«ጅሬ፣ በአፍህ ንገረኝ።»

«አገባሻለሁ» አለ፣ ለአፈሩ።

የሻሸመኔው ዝውውር ቀረ። ተጋባን። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ኖርን። ከዚያ ጉበቱ ታመመ። ሐኪሞቹ ዘግይቷል አሉ። ጠዋት ጠዋት ወደ ሆስፒታል የምሄድበት ታክሲ ረዳት ሳይጠይቀኝ መውረጃዬን እስኪያውቅ ድረስ ተመላለስኩ። ድካሙ አሁንም ከትከሻዬ አልወረደም።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሾርባ እያጠጣሁት፣ ለዓመታት የዋጥኩትን አወጣሁት።

«ያቺን አንድ ዓመት... ይቅር ብለኸኛል?»

«እውነቱን?»

«እውነቱን።»

«አላልኩም። እዚህ ከተኛሁ ወዲህማ ባሰብኝ። ያቺ ዓመት ብትኖረን እላለሁ... እናደድብሻለሁ።»

«አሁንም?»

«አሁንም። ግን ሌላ ሰው ቢሆን እጁን ይዤ አልናደድበትም ነበር።»

እጄን ይዞ ነበር። ሾርባው እስኪቀዘቅዝ አልለቀቀኝም።

ከሦስት ቀን በኋላ ሐሙስ ዕለት ሞተ።

ሊያጽናኑኝ የሚመጡ ሰዎች «አይዞሽ፣ ሁሉን ይቅር ብሎሽ ነው የሄደው» ይሉኛል። አሜን እላለሁ፣ ለማስረዳት አቅም የለኝም። ይቅር አላለኝም። እየተናደደብኝ፣ እየወደደኝ ሄደ። ሁለቱንም በአፉ ነግሮኛል።