ከሥዕለ ማርያም ሥር የቆመው አሲድ

ከዱባይ አቅራቢያ ባለችው አጅማን ከተማ ውስጥ በተከራዩት ቤት በረንዳ ላይ ልዑልሰገድ ያረጁ የመኪና ባትሪዎችን እያደሰ ይሸጣል። ሚስቱ አዳነች ሹግሉን፣ ሥራውን፣ አልጠላችም፤ አሲዱን ግን እንደ እባብ ትፈራዋለች። ልጃቸው ኑኑ መዳህ ከጀመረች ወዲህማ አዳነች እንቅልፍ የሚባል ነገር አታውቅም።

«ከቤቴ አውጣልኝ!» አለችው።

«የት ልውሰደው? የሕንፃው ጠባቂ ጀሪካኑን ካየ ኸላስ፣ አለቀልን፣ ሜዳ ላይ ነን።»

አሲዱን በባዶ የውሃ ሃይላንድ ገልብጦ ከሥዕለ ማርያም ሥር፣ ከፍ ካለው መደርደሪያ ላይ አቆመው። «እዚህ ኑኑ አትደርስበትም። ለጊዜው ነው።»

ለጊዜው! ይህች ቃል ስንቱን ቤት አፈረሰች! አሲድ ስሙ በተጻፈበት በገዛ ዕቃው፣ ዝቅ ባለና በተቆለፈ ቦታ፣ ከሚበላና ከሚጠጣ ርቆ ይቀመጣል። ይህን ለማወቅ ምን ያህል መማር ያሻል? አዳነችም ፈራች፤ ፈርታም ዝም አለች።

የልዑልሰገድ ታላቅ እህት የወይንሐረግ ሻርጃ የሰው ቤት ትሠራለች። እናታቸው ስትሞት እሷ ነበረች ያሳደገችው። ማዳሟ ቤት ጠበል ማስቀመጥ ስለማይቻል ከአገር የመጣላትን ጠበል ወንድሟ ቤት ታኖረዋለች፤ እሱም በሃይላንድ፣ እሱም ከዚያው ሥዕል ሥር። አርብ ጠዋት ምንም ሳትቀምስ፣ የሚያማትን ሆዷን ይዛ መጣች።

«ልዑሌ፣ ማዳም ጨርሳኛለች፤ እስቲ እኔንም እንደ ባትሪህ ቻርጅ አድርገኝ!» ብላ አሳቀቻቸው።

አዳነች ኑኑን ልታጥብ ገባች፤ ልዑልሰገድ ወደ በረንዳው ወጣ። የወይንሐረግ ጠበሏን ልትጠጣ አማትባ እጇን ወደ መደርደሪያው ዘረጋች...

ጩኸት እንኳ አልነበረም። ጉሮሮ ሲታነቅ የሚሰማው ያ ድምፅ ብቻ...

«እትዬ! እትዬ የወይን! አምቡላንስ ጥራ፣ ልዑል!»

«ፖሊስ ቢመጣስ? አሲዱን ቢያገኙስ? መጀመሪያ አስመልሻት!»

ወይኔ! ሲወርድ ያቃጠለው ሲወጣ ደግሞ አቃጠለ። የአዳነች ጣቶች ደም ነኩ። ታክሲ የተጠራው ከዚያ በኋላ ነበር።

ሆስፒታል ውስጥ የወይንሐረግ ድምፅ አልነበራትም፤ ዓይኖቿ ብቻ ወንድሟን ይፈልጉ ነበር። እሱ ግን ከበሩ ውጭ ቆሞ ቀረ። እንዴት ይግባ? በየትኛው ፊቱ ይያት? ሲገባ ዓይኖቿ ተከድነው አገኛቸው።

ለቅሶ ላይ ሴቶቹ፣ «ቀኗ ደርሶ ነው፤ ምን ይደረጋል» እያሉ አጽናኑት። ልዑልሰገድም በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

አዳነች ከተቀመጠችበት ብድግ አለች።

«ቀኗ አልደረሰም! ዋላሂ አልደረሰም! አሲዱን በሃይላንድ ይሄ ባሌ ሞላው፣ እኔ አይቼ ዝም አልኩ። እግዜርን ለቀቅ አድርጉት!»

ሰው በገዛ እጁ የሞላውን ጽዋ ዕጣ ፈንታ ብሎ ይጠራዋል፤ የሚጠጣው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው፤ አምኖ የመጣው።